አባትሽ አይደለሁም

ፍቅር የያዘው ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የኤርላን ትንፋሽ ግን የተቆራረጠው በሁለት ወገን ነው። አንደኛዋ ኔልዳ ናት። ሁለተኛዋ ላፓስ ራሷ ናት፤ ደመና ጫፍ ላይ ተሰቅላ፣ ቆላ ያደገን ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር እንኳ የምታስለከልክ ከተማ። ይህ ምስኪን ሁለቱን አጣምሮ፣ ገና በማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሰፈሩ ስፖርት ሜዳ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አርባ ሴቶች መሃል ሲዘል አስቡት እስቲ።

ኤርላን በዚያው አገር ቆላ ያለችው የትሪኒዳድ ከተማ ልጅ ነው። ወንዝና ሙቀት ያሳደገው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የልብስ ስፌት መኪና ታመመ ከተባለ እጁን አስገብቶ የሚያድን። ከስምንት ወር በፊት ሥራ ፍለጋ ወደ ደጋ ወጣና ዶኛ ሳቢና ስፌት ቤት ተቀጠረ። ዶኛ ማለት እመት ማለት ነው፤ ሳቢናም ስማቸው ሲነሳ ሰፈሩ ብድግ የሚልላቸው ሴት ናቸው። ባለ ብዙ ሽንሽን ቀሚስ የሚሰፉ አሥራ አራት መኪናዎች፣ ገበያው መሃል ሦስት ሱቆች፣ ከራሳቸው የማይወርድ ክብ ባርኔጣና ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ታላቂቱ ከአራት ዓመት በፊት ቆለኛ አግብታ አብራው ወርዳለች። ቤት የቀረችው ኔልዳ ናት፤ ፋርማሲ ተምራ ልትመረቅ ጥቂት ሳምንት የቀራት።

ነገሩ የተጀመረው በባትሪ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ኤርላን የመኪና ሆድ ዕቃ ሲፈታ ኔልዳ ባትሪ ያዘችለት። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ ከመኪናው ላይ እንደጠፋ አስተዋለ። ቀና ቢል፣ ባትሪው የሱን ፊት ነው የሚያበራው። ልጅቷ አላፈረችም፣ ባትሪውንም አልመለሰችም። እሱ ግን የያዛት ብሎን ከእጁ አምልጣ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ስፌት ቤት ውስጥ መነጋገር የማይታሰብ ነው፤ የዶኛ ሳቢና ዓይን አሥራ አምስተኛ መኪና ነው፣ ሲሠራ ውሎ ሲሠራ ያመሻል። ስለዚህ ኔልዳ አንድ ቀን በአጠገቡ ስታልፍ፣ ጠዋት ጠዋት ስፖርት እንደምትሠራ፣ ሰፈርተኛ ሁሉ እንደሚገባ፣ ቢመጣ ማንም ለምን መጣህ እንደማይለው ሹክ አለችው። ኤርላን ስፖርት ሲባል እጅ ወደ ላይ እጅ ወደ ታች መስሎት ነበር። አዲስ ቁምጣ ገዛ። ሽቶ ሁሉ ተቀብቷል ይላሉ።

አሰልጣኟ ኖርካ ትባላለች። ቁመቷ አጭር፣ ፊሽካዋ ረጅም። ሙዚቃው ሲለቀቅ አርባ ሴት ባንዴ ተነሳ፤ ጉልበት ወደ ደረት፣ ክንድ ወደ ሰማይ፣ መሬት ተኝቶ መነሳት፣ ተነስቶ መዝለል፣ ዘሎ መተኛት። ኤርላን ስምንት ደቂቃ ቆየ። በዘጠነኛው ደቂቃ ዓይኑ ላይ ትናንሽ ኮከቦች መጡ፤ በአሥረኛው ከጀርባ ያለውን ምሰሶ እንደ እናቱ አቀፈው። ከፊት ለፊቱ ደግሞ፣ የስልሳ አንድ ዓመቷ ዶኛ ሳቢና በሽንሽን ቀሚሳቸው፣ ባርኔጣቸው ሳይነቃነቅ፣ ጠብታ ላብ ሳይወጣቸው፣ እንደ ጣቃ ጨርቅ እየተዘረጉና እየተጠቀለሉ ይዘላሉ። ኔልዳ ዞር ብላ አየችውና ሳቋን በፎጣ አፈነችው። እሷን አይቶ ከምሰሶው ለመላቀቅ ሞከረ። ምሰሶው ባይኖር ግን ያን ቀን እወድቅ ነበር ያለው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰነፍ ዘዴ ሁሉ ተማረ። የጫማው ማሰሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ይፈታ ጀመር። ፎጣው በራሱ ጊዜ ይወድቃል፣ እሱም ለማንሳት ሜዳውን ያቋርጣል። ውሃ ልጠጣ ብሎ ሄዶ ውሃው እስኪፈላ ይቆያል። ይህን ሁሉ የሚያዩት ሁልጊዜ ከኋላ ረድፍ የሚቆሙት አሮጊቷ ዶኛ ኤውሎጊያ ናቸው፤ ሁለት ጉልበታቸው የታመመ፣ ምላሳቸው ግን ጤነኛ። ከአሰልጣኟ ጋር ምን ያሽቀዳድምሃል አሉት፤ እሷ አንድ ስትዘል አንተ ግማሽ ዝለል፣ በአፍህ አየር አትጎርስ፣ ከመምጣትህ በፊት ሆድህን አትሙላ፣ ደግሞም አታፍር፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው፣ ማንም ሰነፍ ብሎኝ አያውቅም። ምክሩ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ቆመ።

ኔልዳ ግን አንጀቷ አልቻለም። አንድ ጠዋት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ስታየው ወደ ጎን ጠራችውና፣ ተወው ይቅርብህ፣ ሌላ የምንገናኝበት ቦታ አላጣም አለችው። ኤርላን እምቢ አለ። ለምን ብትለው ፎጣውን አጣጥፎ ተመለሰና ቦታው ላይ ቆመ። የወንድ ግትርነት ነው ብላ ተወችው። ማታ ግን ያን ሰማያዊ ከንፈር እያሰበች እንቅልፍ እምቢ አላት።

ዶኛ ሳቢና ሞኝ አይደሉም። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ኖርካ ያን ተኝቶ መነሳት የሚሉትን ስልሳ ጊዜ አስቆጥራ የአምስት ደቂቃ እረፍት ስትነፋ፣ ቀጥ ብለው ወደ ኤርላን መጡ። ኤርላን ሲሚንቶው ላይ ተዘርሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይቆጥራል። ከጎኑ ተቀመጡ። ከቅርጫት ሁለት ትኩስ ዳቦና በጠርሙስ ያለ፣ ከደረቀ የኮክ ፍሬ የተፈላ መጠጥ አወጡ። ቀስ ብለው፣ እንደ ወንጌል አንባቢ በረጋ ድምፅ፣ ስለ ልጃቸው ምረቃ ተናገሩ። ኤርላን ጆሮው ውስጥ የራሱ ልብ ከበሮ ስለሚመታ የሰማው ኔልዳ፣ ምረቃ፣ ክብር የሚሉትን ብቻ ነው።

«እንግዲህ እሺ ትለናለህ?» አሉት፤ ጠርሙሱን እያቀረቡ።

መናገር የሚባል ነገር አልነበረም። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው፣ ዳቦውንም ገመጠ። እኚህ ሴትዮ እንዴት ያሉ ሩኅሩኅ ናቸው እያለ ነበር በልቡ። ዶኛ ሳቢና ተነሡና ለአርባው ሴት አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጭብጨባ ሜዳውን ሞላው። ኤርላን ስልሳውን በመጨረሱ የተጨበጨበለት መሰለው። እየተንገዳገደ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሁሉም እጅ ነሣ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ያላጨበጨበች አንዲት ሴት ነበረች። ኔልዳ ፊቷ ነጭ ሆኖ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

«እንኳን ደስ ያለዎ፣ አበልጄ፣» አሉት ዶኛ ሳቢና፣ ትናንት ማታ አንተ እያሉ መርፌ ሰበርክ ብለው የገሠጹት ሴት። «ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ደረትዎን ይሸፍኑ።»

ጉዱን ያስረዱት ዶኛ ኤውሎጊያ ናቸው። በዚህ አገር፣ አሉት፣ አባት የማይለመንለት ነገር የለም። ልጅ ሲጠመቅ፣ ጸጉሩ መጀመሪያ ሲቆረጥ፣ ቤት ጣሪያ ሲለብስ፣ ተማሪ ሲመረቅ። ለማኙ ዳቦና መጠጥ ይዞ ይመጣል፤ የተለመነው ከቀመሰ አለቀ። ኤርላን የኔልዳ የምረቃ አባት ሆኗል። በምረቃው ቀን ሕዝብ እያየ የፋርማሲ ቀለበቷን በጣቷ ያጠልቅላታል፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ልጁ ናት፣ እናቷ አበልጁ። ሰው ደግሞ ልጁን አያገባም። የቆላው አገርም አባት ያውቃል፤ ኤርላን ራሱ አንድ የክርስትና አባት አለው። እዚያ ግን የሚለመነው ሰው ቢያንስ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል።

እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው። ትኩስ ዳቦ አብልተው ልጅቷን በሕዝብ ጭብጨባ ከእጁ አወጧት። መሣሪያ አልመዘዙ፣ አልተሳደቡ፣ አላባረሩት፤ እንደውም አከበሩት። ኤርላን ያን ዕለት ስፌት ቤት ሦስት መኪና ፈትቶ አንዱንም አልገጠመም። ከዚያ ከስፌት ቤቱ ጓሮ ያለች ክፍሉ ገብቶ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። ሳላውቅ ነው፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው፣ ዳቦው ዳቦ ብቻ መስሎኝ ነው፣ አንቺን ከማጣ ዓይኔን ባጣ ይሻለኛል ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ዶኛ ኤውሎጊያ ወስደው መልስ አመጡለት። መልሱ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

«ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለዶን ኤርላን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በሦስት ገጽ ሙሉ ሳላውቅ እሺ አልኩ የሚል አነበብኩ፤ አውቄ እምቢ እላለሁ የሚል መስመር ግን ብፈልግ አጣሁ። ለምረቃዬ ጥቁር ጫማ ያድርጉ፤ ቡናማ ለአባት አይሆንም። ልጅዎ ኔልዳ።»

ኤርላን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አወጣው፤ መልሶ አነበበው። መጀመሪያ ተናደደ። ከዚያ አፈረ፤ ልጅቷ እውነቷን ነበር። በሦስት ገጹ ውስጥ ሁሉ ይቅርታ የጠየቀው እሷን ነው፤ እምቢ ሊባሉ የሚገባቸው ግን እናቷ ነበሩ። ደመወዙም፣ የሚያድርባት የጓሮ ክፍልም በሳቸው እጅ ናቸው። የፈራው ይህን እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው። ሲያውቀው ደግሞ ራሱን ጠላው።

ዶኛ ኤውሎጊያ እንዲህ ያለ ነገር ይፈታል ወይ ሲላቸው ራሳቸውን አከኩ። በዕድሜያቸው አንድ ሰው ብቻ ከቀመሰ በኋላ እምቢ ሲል አይተዋል፤ እሱም ከተማ ለቋል። ቢሆንም ሥርዓቱን ነገሩት። እምቢ የሚባለው እሺ በተባለበት ቦታ፣ እሺ ሲባል ባዩት ሰዎች ፊት ነው። የተበላው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ለማኙ የመለስከውን ከበላ ነጻ ወጣህ፤ ካልነካው አባት እንደሆንክ ትቀራለህ። ደግሞ እወቅ አሉት፣ ሳቢና በፊሽካ መጥታ በፊሽካ ነው የምትሄድ፤ ስፖርቱ ላይ ቆማ ስታወራ አይተን አናውቅም። በእረፍት ላናግራት ብትል ያው እሷ ናት የምታወራው፤ አንድ ቃል ሳታስገባ ሌላ ዳቦ ታጎርስሃለች። ስለዚህ እሷም ስትዘል፣ አንተም እየዘለልክ ንገራት።

ቅዳሜ መጣ። ምረቃው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ኤርላን አራት ዳቦና ሁለት ጠርሙስ በቅርጫት ይዞ ገባና፣ ምሰሶውን አልፎ፣ ኋለኛውን ረድፍ አልፎ፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ከዶኛ ሳቢና ጎን ቆመ። አርባ ጥንድ ዓይን ተከተለው። ኔልዳ በሁለተኛው ረድፍ ነበረች፤ አየችውና ፊቷን አዞረች። አዙራ ግን ብዙ አልቆየችም።

ኖርካ ነፋች። ሙዚቃው ጀመረ። ኤርላን ቅርጫቱን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ መዝለል ያዘ።

«ዶኛ ሳቢና፣» አለ፤ «ዳቦውን... እጥፍ አድርጌ... አምጥቻለሁ።»

«ይባርክዎ አበልጄ፤ በጠዋት ዳቦ ማን ይጠላል?» አሉ ዶኛ ሳቢና ወደ ፊት እያዩ። ባርኔጣቸው ንቅንቅ አላለም።

«አበልጅዎ... አይደለሁም።»

ከኋላ የሆነች ሴት ክንዷን ወደ ሰማይ እንደዘረጋች ቀረች። ኖርካ ከእጅ ወደ ጉልበት አሻገረች፤ ኤርላንም ጉልበቱን ወደ ደረቱ እየሳበ፣ በያንዳንዱ ዝላይ አንድ አንድ ቃል እየወረወረ ቀጠለ። የኔልዳ የምረቃ አባት መሆን እንደማይፈልግ፣ እሺ ሲል ዝም ብሎ ራሱ እንደተነቀነቀ፣ አሁን ግን ልቡ እየመታም ቢሆን አስቦበት እምቢ እያለ እንደሆነ ነገራቸው። ከሥራ ቢያባርሩት እንደማይከፋው፣ ከጓሮው ክፍል ዛሬውኑ ቢያስወጡት ዕቃው አንድ ሻንጣ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ያን ለመናገር ሁለት ሙሉ ዙር ፈጀበት። ኖርካ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገችው፤ ቁጥሩን ግን አላቆመችም፤ ሥራ ሥራ ነው።

«ምን ልትሆናት ነው ታዲያ የምትፈልገው?» አሉ ዶኛ ሳቢና። ድምፃቸው ተለወጠ፤ እርስዎ ማለታቸውንም ረሱት። «ባሏ? አንዷን እናንተ ቆለኞች ወስዳችሁብኛል። ስትመጡ ታስቃላችሁ፣ ለሰው ትጥማላችሁ፤ ከዚያ አየሩ አልተስማማንም ብላችሁ ልጄን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ጊዜ አመጡት፤ በሁለተኛው ቀን ራሱን አመመው ብለው መለሱት። ድምፁን በስልክ ነው የማውቀው። አንተም ዕለት ዕለት እዚህ ስትታፈን አይሃለሁ። ሁለት ዓመት አትቆይም። ይቺንም ይዘህ ልትሄድ ነው።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ኔልዳም ቆመች፤ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር። እናቷ ያን ቆለኛ የጠሉት በድህነቱ መስሏት ነው የኖረችው። ኤርላን ግን አልቆመም። ቢቆም ወድቆ እንደሚቀር ያውቃል።

«ኔልዳን ለማየት ብቻ ቢሆን...» አለ፣ ዘለለ። «ስፌት ቤቱ ይበቃኝ ነበር። ቁጭ ብዬ... ባትሪ ይዛልኝ።» ዘለለ። «ይቅርብህ ብላኛለች... እሷ ራሷ። እምቢ ያልኩት...» ትንፋሹ ተቆረጠ፤ ሰው ሁሉ አብሮት ትንፋሹን ያዘ። «እምቢ ያልኩት ሳንባዬን... አገራችሁን ላስለምደው ብዬ ነው። በየጠዋቱ እዚህ የምሞተው... እንዳልወርድ ነው፣ ዶኛ ሳቢና። ልኖር ነው... የምዘለው።»

ዶኛ ሳቢና ስፖርቱን ከጀመሩ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊሽካ በፊት ቆሙ። አዩት፤ ሰማያዊውን ከንፈሩን፣ አሁንም የማያቆሙ ሞኝ እግሮቹን። ጎንበስ ብለው ከቅርጫቱ አንድ ዳቦ አነሡ። እጃቸው ላይ አገላበጡት። አንድ ሰው ሳል መጣበትና ዋጠው። ከዚያ ዶኛ ሳቢና ዳቦውን ገመጡ፤ ቀስ ብለው አኘኩ፤ ሲውጡ እንባቸው ወረደ።

«ደረቅ ነው፣» አሉ። «ከየት ነው የገዛኸው?»

ኔልዳ ረድፉን ጥሳ መጣች። አራት ቀን ሙሉ አባት አገኘሁ ብላ ስታለቅስ የከረመች ልጅ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ላብ በራሷ ፎጣ ትጠርግ ጀመር። እሱ አሁንም ይዘላል፤ እሷም አብራው ከፍ ዝቅ እያለች ትጠርጋለች። ሰው አየን አላየን የሚባል ነገር ከሁለቱም ጠፍቷል።

«ቁም እንጂ፣» አለችው። «አንተ ይህን አየር ሠላሳ ዓመት ብትዘልም አትለምደውም።»

«ሠላሳ ዓመቱን... ስጪኝ፣» አለ ኤርላን።

ያኔ እግሮቹ አበቁ፤ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ኔልዳ በአንድ በኩል ያዘችው። በሌላ በኩል አንድ ሰፊ እጅ ጀርባው ላይ አረፈ፣ የሥራ እጅ፣ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ። የዶኛ ሳቢና ነበር።

«በአፍንጫህ ሳብ፣» አሉት፤ አፋቸው ውስጥ ገና ዳቦ አለ። «በአፍህ ልቀቅ። ቀስ በል ልጄ፤ ማንም አያባርርህም።»

ኤርላን ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ቀዝቃዛው የደጋ አየር ገባለት፤ እንባው ከላቡ ጋር ተቀላቀለ። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ጠገበ።